ኧርሱላ ለ ግዊን ከ18 ዓመት በኋላ ወደ ኧርዝሲ ለምን ተመለሰች?

ጥያቄ፦ ከደሴ፣ የንባብ ክበብ አባል

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አንባብያን። በከተማችን ባለ አንድ አነስተኛ የንባብ ክበብ ውስጥ፣ አሜሪካዊቷ ደራሲ ኧርሱላ ለ ግዊን «ኧርዝሲ» ብላ በሰየመችው የደሴቶች ዓለም ላይ የጻፈቻቸውን ምናባዊ ልብ ወለዶች በእንግሊዝኛ ስናነብ ቆይተናል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት መጻሕፍት ከ1968 እስከ 1972 ባለው ጊዜ የወጡ ሲሆን (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ)፣ ጌድ የተባለው የነሐስ አንጥረኛ ልጅ ከፍየል እረኝነት ተነሥቶ ታላቅ አስማተኛ እስኪሆን፣ በመጨረሻም የሙታንን ዓለም ክፍተት ለመዝጋት ኃይሉን ሁሉ እስኪያፈስ ድረስ ይተርካሉ። ሁላችንም ወደድናቸው፤ ታሪኩም እዚያ ላይ የተቋጨ መስሎን ነበር።

በ1990 የወጣውን አራተኛውን መጽሐፍ፣ «ቴሃኑ»ን፣ ስንከፍት ግን ፈጽሞ ሌላ ነገር ገጠመን። ጌድ ኃይል አልባ፣ የደከመና ያፈረ ሰው ሆኖ ይመለሳል፤ የታሪኩ ማዕከል ባሏ የሞተባት፣ ፍየል የምታልብና ዕቃ የምታጥብ፣ በእሳት የተቃጠለች አንዲት ሕፃን የምታሳድግ ተናር የተባለች ጎልማሳ ገበሬ ናት። ክበባችን በዚህ ለሁለት ተከፈለ። ግማሾቻችን ደራሲዋ የራሷን ጀግና አዋርዳለች ስንል፣ ሌሎቻችን ደግሞ ከሁሉም የበለጠው መጽሐፍ ይህ ነው አልን። ስለዚህ የደራሲዋን ሕይወት የምታውቁ ብትረዱን፦ ይህን ያህል ዘመን ቆይታ ወደ ተዘጋ ታሪክ እንድትመለስ ያደረጋት ምንድን ነው? ከመጀመሪያው ያሰበችው ነበር ወይስ በኋላ ሐሳቧን ስለ ቀየረች?

መልስ፦ የሥነ ጽሑፍ መምህር፣ አዲስ አበባ

ውድ ጠያቂ፣ ክበባችሁን የከፈለው ጥያቄ ደራሲዋን ራሷን ለረጅም ዓመታት ያስጨነቀ ስለሆነ፣ መልሱ ከሕይወቷ መጀመሪያ ቢነሣ ይሻላል።

ለ ግዊን በጥቅምት 1929 በካሊፎርኒያ፣ በበርክሊ ከተማ ተወለደች። አባቷ አልፍሬድ ክሮበር ከዘመኑ ታላላቅ የአንትሮፖሎጂ ሊቃውንት አንዱ ሲሆን፣ የካሊፎርኒያን ነባር ሕዝቦች ቋንቋና ባህል በማጥናት ዕድሜውን ያሳለፈ ሰው ነው። እናቷ ቴዎዶራ ክሮበር ደግሞ ከያሂ ሕዝብ ብቻውን ተርፎ በ1911 ከተደበቀበት ስለ ወጣው ሰው፣ ስለ ኢሺ፣ በ1961 ያሳተመችው መጽሐፍ ዝነኛ አድርጓታል። ኢሺ በሕዝቡ ልማድ መሠረት የገዛ ስሙን ለባዕድ መናገር ስለማይገባው እውነተኛ ስሙን ለማንም ሳይገልጽ በ1916 ሞተ፤ የምናውቀው መጠሪያ ክሮበር ያወጣለት ነው። ኢሺ የኖረውና የሞተው ደራሲዋ ከመወለዷ በፊት ነው፤ ሆኖም በኧርዝሲ ውስጥ እያንዳንዱ ሰው እውነተኛ ስሙን ደብቆ በሌላ መጠሪያ የሚኖር መሆኑን፣ ስሙን ያወቀ ሁሉም ሊገዛው እንደሚችል ስናነብ፣ ያደገችበትን ቤት አለማሰብ ይከብደኛል። ለእኛ አንባብያን ደግሞ ይህ ጭራሽ እንግዳ ነገር አይደለም። የክርስትና ስሙ በመተተኛ ጆሮ እንዳይገባ እየተባለ በሌላ ስም ሲጠራ ያደገ ሰው በየቤታችን አለ።

የጻፈችው ገና በልጅነቷ ነው። በ11 ዓመቷ አንድ ታሪክ ለሳይንሳዊ ልብ ወለድ መጽሔት ልካ ተመልሶላታል። በ1951 ከራድክሊፍ ኮሌጅ ተመረቀች፤ በቀጣዩ ዓመት በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በፈረንሳይኛና በጣልያንኛ ሥነ ጽሑፍ ሁለተኛ ዲግሪዋን አገኘች። በ1953 በፉልብራይት የትምህርት ዕድል ወደ ፈረንሳይ በመርከብ ስትጓዝ የታሪክ ተመራማሪውን ቻርልስ ለ ግዊንን ተዋወቀች፤ በዚያው ዓመት ፓሪስ ላይ ተጋቡ፤ የዶክትሬት ጥናቷንም ተወችው። ከ1959 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቷ በኦሪገን ግዛት፣ በፖርትላንድ ኖረች።

በእነዚህ ዓመታት ኦርሲንያ ብላ በሰየመቻት፣ በካርታ ላይ በሌለች የመካከለኛው አውሮፓ አገር የሚፈጸሙ ልብ ወለዶችን እየጻፈች ትልክ ነበር፤ አሳታሚዎች ግን ከየትኛው መደብ እንደሚያስቀምጧቸው ስላላወቁ ይመልሱባት ነበር። በክፍያ የታተመላት የመጀመሪያ ታሪክ በ1962 በአንድ ምናባዊ ታሪኮችን በሚያወጣ መጽሔት የወጣው ነው፤ የመጀመሪያው ልብ ወለዷ የታተመው ደግሞ በ1966፣ በ36 ዓመቷ ነው። ወደ ምናባዊውና ወደ ሳይንሳዊው ልብ ወለድ የገባችው በፍቅር ብቻ ሳይሆን በሩ የተከፈተላት በዚያ በኩል ስለ ነበረም ጭምር ነው፤ ይህንንም ሳትደብቅ ተናግራለች። ከገባች በኋላ ግን ያንን ዘርፍ «የልጆች ተረት» እያሉ የሚንቁትን ሁሉ ዕድሜዋን ሙሉ ስትሞግት ኖራለች።

የበርክሊ ትንሽ አሳታሚ የፓርናሰስ ባለቤት በ1967 ከፍ ላሉ ልጆች የሚሆን መጽሐፍ እንድትጽፍለት በጠየቃት ጊዜ ኧርዝሲ ተወለደ። በተረት ውስጥ ያሉ አስማተኞች ሁልጊዜ ነጭ ጢም ያላቸው ሽማግሌዎች ናቸው፤ ታዲያ እነዚህ ሰዎች ልጅ ሳሉ ምን ነበሩ፣ ያንን አደገኛ ጥበብስ የት ተማሩት? መጽሐፉን ያስገኘው ይህ ጥያቄ ነው። እግረ መንገዷንም ሳታውጅ አንድ ትልቅ ነገር አደረገች፦ ጌድን ቀይ ዳማ፣ የልብ ጓደኛውን ጥቁር፣ ወራሪዎቹን ነጮች አደረገቻቸው። በ1968 በአሜሪካ ለልጆች በሚጻፍ መጽሐፍ ይህ ቀላል እርምጃ አልነበረም።

ሌላው ልማድ ግን ሳይነካ ቀረ። አስማት በሚማሩበት በሮክ ደሴት ትምህርት ቤት የሚገቡት ወንዶች ብቻ ናቸው፤ ሊቃውንቱ ከሴት የራቁ ናቸው፤ በጌድ የትውልድ ደሴት ደግሞ «እንደ ሴት አስማት ደካማ፣ እንደ ሴት አስማት ክፉ» የሚል አባባል አለ። መጽሐፉ ይህን አባባል ጠቅሶ ያልፋል እንጂ አይጠይቀውም። ደራሲዋ ከቀደሙት የጀግና ታሪኮች የወረሰችው ሥርዓት ነበርና፣ በዚያን ጊዜ እንደ አየር የሚተነፈስ እንጂ የሚታይ አልነበረም።

ጥያቄዎን በቀጥታ ልመልስ። ሦስተኛው መጽሐፍ ከወጣ ብዙም ሳይቆይ፣ በ1970ዎቹ፣ አራተኛውን ጀምራው ነበር። የተናር ታሪክ እንደሚሆንም ታውቅ ነበር። ነገር ግን ቆመባት። ተናር በታላቅ ጠቢብ ቤት የመማር ዕድል አግኝታ ሳለ ለምን ትታው ወጥታ ገበሬ አግብታ ልጆች እንደ ወለደች ደራሲዋ ራሷ መልሱን አላገኘችውም ነበር፤ በወረሰችው የታሪክ ሥርዓት ውስጥ እንደዚህ ያለው ሕይወት ታሪክ አይባልምና። መልሱን እስክታገኝ፣ የሴቶችንም ጽሑፍ እንደ ገና አንብባ አስተሳሰቧን እስክትፈትሽ ዓመታት ፈጁ። ስለዚህ «ከመጀመሪያው አስባው ነበር ወይስ ሐሳቧን ቀየረች» ለሚለው ጥያቄ፣ ታሪኩ መቀጠል እንዳለበት ከጥንት ታውቅ ነበር፤ የምትቀጥልበትን ዓይን ያገኘችው ግን ዘግይታ ነው እላለሁ።

ከሁሉ በላይ የማደንቀው መንገዷን ነው። የቀድሞዎቹን መጻሕፍት አልሰረዘችም፣ አላረመችም። ያ አባባል በመጀመሪያው መጽሐፍ ውስጥ እንዳለ ይገኛል፤ በ«ቴሃኑ» ውስጥ ግን በዚያ አባባል ሥር የኖሩት ሴቶች፣ ተናርና ጎረቤቷ አክስት ሞስ፣ ቁጭ ብለው ይመረምሩታል። በሌላ ሥራዋም ይህንኑ አድርጋለች። በ1969 ባወጣችው፣ ወንድም ሴትም ያልሆኑ ሰዎች በሚኖሩበት ዓለም በሚፈጸመው «የጨለማ ግራ እጅ» ውስጥ ሁሉንም «እሱ» እያለች በመጥራቷ ተነቅፋ፣ በ1976 በጻፈችው መጣጥፍ ምርጫዋን ተከላክላ ነበር። ከአሥር ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ያንኑ መጣጥፍ አንድ ቃል ሳታወጣ ደግማ ስታሳትመው፣ በየአንቀጹ ሥር ከቀድሞው አቋሟ ጋር የምትሟገትበትን ማስታወሻ ጨመረችበት። አንባቢ ሁለቱን ጎን ለጎን ያያል፤ ፍርዱም የእርሱ ነው። በኧርዝሲም ያደረገችው ይህንኑ ይመስለኛል።

መልስ፦ እናትና ተርጓሚ፣ ዋሽንግተን

መምህር የጻፉትን በአክብሮት አነበብኩት። ሆኖም «አስተሳሰቧን እስክትፈትሽ» የሚለው ነገሩን ከመጻሕፍት ጋር ብቻ እንዳያያይዘው እሰጋለሁና አንድ ነገር ልጨምር።

ኧርሱላ ለ ግዊን ከ1957 እስከ 1964 ባለው ጊዜ ሦስት ልጆች ወልዳለች። ያ ሁሉ ውድቅ የተደረገ ረቂቅ፣ ቀጥሎም ያ ሁሉ ዝነኛ መጽሐፍ የተጻፈው በአመዛኙ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ነው። ድርሰት ሙሉ ሥራ ነው፣ ልጅ ማሳደግም ሙሉ ሥራ ነው፤ አንድ ሰው ሁለቱን ብቻውን ሊሠራ አይችልም፤ ሁለት ሰዎች ተጋግዘው ግን ሦስት ሙሉ ሥራ ይሠራሉ የሚል ሐሳብ ነበራት፤ ሦስተኛው ሥራ የባሏ የመምህርነት ሥራ ነው። ባሏ ያንን ሸክም ባይካፈል ኖሮ እነዚህን መጻሕፍት እኛ አናነብም ነበር ብዬ በሙሉ ልቤ አምናለሁ።

እናቷ ቴዎዶራ ደግሞ መጻፍ የጀመረችው ልጆቿ አድገው ከወጡ በኋላ ሲሆን፣ የመጀመሪያ መጽሐፏ የወጣው በ1959፣ ስድሳ ዓመት ካለፋት በኋላ ነው። ለ ግዊን በ1988 በጻፈችው አንድ ረጅም መጣጥፍ ውስጥ ይህን አንሥታ፣ የሚጽፉ እናቶች በሥነ ጽሑፍ ታሪክ ውስጥ ለምን እንደማይታዩ፣ ደራሲ ሲባል በሩን ዘግቶ ብቻውን የተቀመጠ ሰው ለምን እንደሚታሰብ ትጠይቃለች። «ቴሃኑ» የወጣው ከዚያ ሁለት ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ ተናር ዕቃ ስታጥብ የምናይበትን ገጽ እንደ ዝቅጠት የሚቆጥሩ የክበባችሁ አባላት፣ ጽሑፉን የጻፈችው ሴት ለአሥርት ዓመታት የኖረችው በዚያ ወጥ ቤትና በዚያ ጠረጴዛ መካከል መሆኑን ያስቡልኝ። ጀግናው ዘንዶ ሲያሸንፍ እራቱን ያበሰለችው ማን ናት የሚለው ጥያቄ ለእርሷ ቀልድ አልነበረም።

መልስ፦ የምናባዊ ልብ ወለድ አንባቢ፣ ሐዋሳ

ከሁለታችሁም በአክብሮት እለያለሁ። የደራሲዋን ዓላማ እረዳለሁ፣ ዓላማው ትክክል መሆኑንም አምናለሁ፤ ነገር ግን ትክክለኛ ዓላማ ብቻውን መጽሐፍን ሙሉ አያደርገውም።

በመጀመሪያ ደረጃ ሴት በኧርዝሲ ማዕከል የሆነችው በ1990 ሳይሆን በ1971 ነው። ሁለተኛው መጽሐፍ፣ «የአቱዋን መቃብሮች»፣ በሕፃንነቷ ለስም የለሽ ኃይሎች ካህን እንድትሆን የተወሰደችውንና በጨለማ ዋሻ ውስጥ ያደገችውን የተናርን ታሪክ በእርሷ ዓይን ይተርካል። ጌድ የሚገባው መጽሐፉ ከተጋመሰ በኋላ አካባቢ ነው፤ ያውም እንደ እስረኛ። ከስድስቱ ሁሉ በጥበብ የላቀው ይህ ይመስለኛል፤ ስለ ሥልጣን፣ ስለ ሃይማኖትና ስለ ነጻነት ፍርሃት የሚለውን ሁሉ አንድም ጊዜ ሳይሰብክ ይለዋል። በ«ቴሃኑ» ውስጥ ግን ገጸ ባሕርያቱ አንዳንድ ጊዜ ስለ ወንድና ሴት ኃይል ሲነጋገሩ የደራሲዋ መጣጥፍ ከኋላቸው ይሰማኛል። ክፉዎቹም ክፉ ከመሆን በቀር ሌላ ነገር የላቸውም።

በሁለተኛ ደረጃ መጽሐፉ ሲወጣ በንዑስ ርእሱ «የኧርዝሲ የመጨረሻ መጽሐፍ» ተብሎ ነበር፤ በ2001 ደግሞ አንድ የአጫጭር ታሪኮች ስብስብና «ሌላኛው ነፋስ» የተባለው ልብ ወለድ ተከተሉት። ደራሲዋ ራሷ አራተኛውን በቂ ፍጻሜ አድርጋ አላየችውም ማለት ነው። እንዲያውም በስብስቡ ውስጥ ካሉት ታሪኮች አንዱ የሮክን ትምህርት ቤት ካቋቋሙት መካከል ሴቶች እንደ ነበሩ፣ በኋላም እንደ ተገፉ ሲያሳይ፣ «ቴሃኑ» በክርክር ሊፈታው የሞከረውን ነገር በታሪክ ፈትቶታል። እኔ ይህን እመርጣለሁ።

የተቃጠለችው ልጅ በመጨረሻው ምዕራፍ ዘንዶውን በስሙ ስትጠራው ያለው ትዕይንት ግን፣ ይህን ሁሉ ትችት ይዤም ቢሆን፣ ደጋግሜ የማነበው ነው።

ጠያቂው፦ ከደሴ

ሦስታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በሚቀጥለው ስብሰባችን የጻፋችሁትን አንብቤ አሰማለሁ። ሁለት ነገሮች ቀርተውኛል። አንደኛው፣ አንድ አባላችን ታሪኩን በቴሌቪዥን ፊልም አይቶት ስለ ነበር ጌድ ነጭ ነው ብሎ ድርቅ አለ፤ ደራሲዋ ይህን ፈቅዳ ነበር? ሁለተኛው፣ ክርክራችንን ለመቀጠል ምን ብናነብ ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ የሥነ ጽሑፍ መምህር፣ አዲስ አበባ

ከሐዋሳ የጻፉልን ወንድሜ በ«አቱዋን መቃብሮች» ላይ የሰጡትን ፍርድ ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። ክፉዎቹ ጥላ ብቻ ናቸው በሚለው ግን አልስማማም፤ ሕፃኗን ያቃጠሏት ሰዎች ድንቅ ጠላቶች ሳይሆኑ በየመንደሩ የምናውቃቸው ዓይነት ሰዎች መሆናቸው ነው የሚያስፈራው። የወጥ ቤቱን ነገር ያነሡልን እኅቴም መልሴ የጎደለውን ሞልተውልኛል።

ፊልሙን በተመለከተ፣ አልፈቀደችም። በ2004 በአሜሪካ የተላለፈው ተከታታይ ፊልም ሲሠራ መብቱ ተሸጦ ስለ ነበር በሥራው ላይ የመወሰን ድምፅ አልነበራትም፤ ጌድን ነጭ ማድረጋቸውን ስታይ በዚያው ወር ባሳተመችው ጽሑፍ በግልጽ ተቃወመች። የገጸ ባሕርያቷ መልክ ጌጥ ሳይሆን ከመጀመሪያው ሆን ብላ ያደረገችው ምርጫ እንደ ነበር፣ የመጻሕፍቱን ሽፋን በሚሥሉ ሰዎችም ዘንድ ለዓመታት ስትታገልለት እንደ ኖረች ጻፈች። በ2006 በጃፓን የጊብሊ ስቱዲዮ የሠራው የካርቱን ፊልምም አላረካትም።

እንዲህ ያለው ግልጽነት በሥራ ዘመኗ ሁሉ አብሯት የነበረ ጠባይ ነው። በ1970ዎቹ የአሜሪካ የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ደራስያን ማኅበር ለፖላንዳዊው ስታኒስዋፍ ሌም ሰጥቶት የነበረውን የክብር አባልነት ሲያነሣበት፣ ያን ጊዜ ልታገኘው የነበረውን የማኅበሩን የኔቡላ ሽልማት አልቀበልም አለች። በ2014፣ በ85 ዓመቷ፣ ከአሜሪካ ብሔራዊ የመጻሕፍት ተቋም የክብር ሜዳልያ ስትቀበል፣ ከፊቷ ለተቀመጡት አሳታሚዎች መጻሕፍት እንደ ማንኛውም ሸቀጥ መታየት እንደሌለባቸው ተናገረች፤ የምንኖርበት የካፒታል ሥርዓት የማይነቃነቅ ቢመስልም የነገሥታት መለኮታዊ ሥልጣንም እንዲሁ ይመስል እንደ ነበር አሳሰበቻቸው። ንግግሩ ስድስት ደቂቃ ያህል ብቻ የወሰደ ቢሆንም ከብዙ መጽሐፍ በላይ ተጠቅሷል። ሽልማቱንም ለረጅም ጊዜ ከሥነ ጽሑፍ ማዕድ ተገልለው ከቆዩት ከምናባዊና ከሳይንሳዊ ልብ ወለድ ጸሐፊዎች ጋር እንደምትካፈለው ገልጻለች።

ለክበባችሁ የምመክረው ሁለተኛውንና አራተኛውን መጽሐፍ በተከታታይ እንድታነቡ ነው፤ ሦስተኛውን በመካከል አታስገቡ። ያኔ ዋሻ ውስጥ ያለችውን ልጅና እርሻ ላይ ያለችውን ጎልማሳ አንድ ሴት አድርጋችሁ ታገኟቸዋላችሁ፤ የክርክራችሁም መልክ የሚለወጥ ይመስለኛል። ከዚያ በ1992 በኦክስፎርድ የሰጠችውንና በቀጣዩ ዓመት በትንሽ መጽሐፍ የታተመውን ንግግር ፈልጉ። የጀግና ታሪክ የወንዶች ርስት ሆኖ እንደ ኖረ፣ እርሷም በዚያ ሥርዓት ውስጥ ሆና መጀመሪያ እንደ ጻፈች፣ በኋላ ግን ያንኑ ዓለም ኃይል ከሌላቸው ሰዎች ቦታ ሆና እንዳየችው በራሷ አንደበት ታስረዳለች።

እርሷ በጥር 2018፣ በ88 ዓመቷ ካረፈች በኋላ ደግሞ በዚያው ዓመት ስድስቱም የኧርዝሲ መጻሕፍት ቻርልስ ቬስ በሠራቸው ሥዕሎች በአንድ ጥራዝ ወጥተዋል። ሥዕሎቹን ለዓመታት ከሠዓሊው ጋር እየተጻጻፈች ስታስተካክል ነበርና፣ ጌድን መልኩ ምን እንደሆነ ለማየት የሚሻው አባላችሁ ከፊልሙ ይልቅ ይህን ጥራዝ ይመልከት። በመጨረሻው ገጾች «የእሳት ብርሃን» የሚል አጭር ታሪክ ይገኛል፤ የሽማግሌው ጌድ የመጨረሻ ሰዓታት ናቸው፣ አጠገቡም ያለችው ተናር ናት። «ጀግናዋን አዋርዳለች» የሚሉት ወገኖቻችሁ ክርክሩን ከመደምደማቸው በፊት እርሱንም ቢያነቡት መልካም ነው።